የሞተር ሳይክል ሰንሰለት፦ ተሸፍኖ ወይስ ተገልጦ?

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከደቡብ ምዕራብ፣ ከምዕራብና ከሰሜን የሚያዋስኑ ከተሞች ሲሆኑ፣ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ሦስቱም ያደጉት በአገር አቋራጭ መንገዶች ዳር ነው፤ ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦና በነቀምት፣ ሱሉልታ ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛሉ። ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ሠፈር ውስጥ ሲገባ ግን መንገዱ ኮብልስቶን፣ ገረጋንቲ ወይም ምንም ያልተደረገለት አፈር ይሆናል፤ አውቶቡስና ታክሲ በማይዘልቁበት በዚህ መንገድ ላይ ሰውና ዕቃ ከሚያመላልሱት አንዱ ባለ ሁለት ጎማው ሞተር ሳይክል ነው። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ውስጥ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ በተገደበ ጊዜም በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች መሥራቱን አላቆመም።

ከዚህ ተሽከርካሪ አካላት መካከል ብዙ ሥራ እየሠራ ጥቂት እንክብካቤ የሚያገኘው ሰንሰለቱ ነው። ሰንሰለቱ የሞተሩን ጉልበት ከካምቢዮው ተቀብሎ ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርስ ሲሆን፣ በአንዳንዱ ሞተር ሳይክል ላይ ከላይ እስከ ታች በላሜራ ሽፋን ተዘግቶ፣ በሌላው ላይ ደግሞ ከላይ ጠባብ ከለላ ብቻ ተደርጎለት ተገልጦ ይሠራል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ የመልክ ምርጫ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን መለዋወጫ ሁሉ በውጭ ምንዛሪ በሚገባበት አገር፣ በተለይም የብር የምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ አንድ ሰንሰለት ስድስት ወር ማገልገሉና ሁለት ዓመት ማገልገሉ በቀን ገቢው ለሚተዳደር ሞተረኛ ትልቅ ልዩነት ነው። በእነዚሁ ከተሞች ከሞተር ሳይክሉ ይልቅ በብዛት የሚታየው ባለ ሦስት ጎማው ባጃጅ ከዚህ ጥያቄ ውጭ ነው፤ ጉልበቱን ወደ ኋላ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው በዘንግ እንጂ በሰንሰለት አይደለምና።

የሰንሰለቱን አሠራር በቅርብ ያላየ ሰው ሰንሰለት የብረት ቀለበቶች ስብስብ ብቻ ይመስለዋል። የሞተር ሳይክል ሰንሰለት ግን ከመቶ በላይ አንጓዎች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱ አንጓ ጎንና ጎን ከቆሙ ቀጫጭን ላሜራዎች፣ በመካከላቸው ከሚያልፍ ፒን፣ ፒኑ በውስጡ ከሚዞርበት ቡሽ ከሚባል ቀጭን የብረት ቱቦ፣ እንዲሁም በቡሹ ላይ ከሚንከባለል ሮለር የተሠራ ነው። ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1880 በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ከተማ ፓተንት ያስመዘገበው በትውልዱ ስዊዘርላንዳዊ የሆነው መሐንዲስ ሃንስ ሬኖልድ ሲሆን፣ ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠሩት የብስክሌትና የሞተር ሳይክል ሰንሰለቶች ሁሉ መሠረታዊ ቅርጻቸው ከእርሱ የተወረሰ ነው። ሰንሰለቱ በሁለት ጥርስ ባላቸው ክብ ብረቶች ላይ ይጠመጠማል፤ መካኒኮች ስፕሮኬት የሚሏቸው እነዚህ ብረቶች አንዱ ትንሽ ሆኖ ከካምቢዮው መውጫ ዘንግ ላይ፣ ሌላው ትልቅ ሆኖ ከኋላ ጎማው ላይ ይታሰራሉ።

የሥራውን ብዛት ለመረዳት ጥቂት ስሌት ይበቃል። ፊት ለፊት 14፣ ከኋላ 42 ጥርስ ያለው አንድ የተለመደ ሞተር ሳይክል በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የኋላ ጎማው በየሰከንዱ ወደ ስድስት ጊዜ፣ ሙሉ ሰንሰለቱም ከሁለት ጊዜ በላይ ይዞራል። በአንድ ዙር ውስጥ እያንዳንዱ አንጓ ወደ ትንሹ ስፕሮኬት ሲገባና ሲወጣ፣ ወደ ትልቁም ሲገባና ሲወጣ በድምሩ አራት ጊዜ ይታጠፋል፤ ስለዚህ በአንድ ሰዓት ጉዞ ውስጥ ሰንሰለቱ ከ7,000 ጊዜ በላይ ሲዞር ፒኑ በቡሹ ውስጥ ከ28,000 ጊዜ በላይ ይታሻል። ይህ ሁሉ መታሸት የሚፈጸመው ደግሞ በጫና ውስጥ ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት ሰው ወይም ጭነት ይዞ በአንደኛ ማርሽ የሚወጣ ሞተር ሳይክል ሰንሰለቱን የሚጎትትበት ኃይል በመቶዎች ኪሎ ግራም ክብደት የሚመዘን ነው።

ሞተረኞች ሰንሰለት «ረዘመ» ወይም «ላላ» ሲሉ ላሜራው የተለጠጠ ይመስላቸዋል፤ ላሜራው ግን የሚለጠጠው ከቁጥር በማይገባ መጠን ነው። ሰንሰለቱን የሚያረዝመው የፒኑና የቡሹ መበላት ነው። በአገራችን የሚበዙት ከ100 እስከ 150 ሲሲ ሞተር ያላቸው ሞተር ሳይክሎች በአብዛኛው የሚጠቀሙት 428 የሚል ቁጥር የተጻፈበትን ሰንሰለት ሲሆን፣ የቁጥሩ የመጀመሪያ አሃዝ የሚያመለክተው ከፒን እስከ ፒን ያለው ርቀት አራት ስምንተኛ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር መሆኑን ነው። በዚህ መሠረት ሃያ አንጓ አዲስ ሰንሰለት 254 ሚሊ ሜትር ይለካል፤ ይህ ልኬት 259 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ሰንሰለቱ አገልግሎቱን ጨርሷል ተብሎ ይቀየራል። አምስት ሚሊ ሜትሩ ለሃያ ሲካፈል ለእያንዳንዱ አንጓ የሚደርሰው ሩብ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በዓይን የማይለይ ይህ ጥቂት መበላት ከመቶ በሚበልጡ አንጓዎች ላይ ሲደመር ግን ሰንሰለቱ ከስፕሮኬቱ ጥርስ ጋር አልገጥም ይላል፣ በጥርሱ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ጥርሱን እያጎበጠ እንደ ሜንጦ ያሾለዋል፣ በመጨረሻም በጭነት ጊዜ ይዘላል ወይም ይወልቃል።

ለፒኑና ለቡሹ ጠላታቸው በመካከላቸው የሚገባው ባዕድ ነገር ነው። በዘይት የተለየ ብረት በብረት ላይ ለረጅም ጊዜ ይታሻል፤ በዘይቱ ውስጥ ደቃቅ አፈር ሲገባ ግን ዘይቱ ማለስለሻ መሆኑ ቀርቶ ሞረድ ይሆናል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው አፈር ደግሞ በዚህ ረገድ ከሚያስቸግሩት ወገን ነው። በሰበታና በቡራዩ መካከል የሚነሣው ወጨጫ፣ ከሰበታ በስተ ምሥራቅ የሚታየው ፉሪ፣ ሁለቱም የጠፉ እሳተ ገሞራዎች ናቸው፤ በዙሪያቸው ያለው አለትም በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ አለት ነው። ገረጋንቲና ጠጠር ሆኖ በመንገድ ላይ የሚነጠፈው ይኸው ድንጋይ በከባድ መኪና ጎማ ተፈጭቶ አቧራ በሚሆንበት ጊዜ፣ በውስጡ የሚገኙት ማዕድናት ከተራ ብረት የማይተናነስ፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ጥንካሬ አላቸው። ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት የበጋ ወራት ከጭነት መኪና ኋላ የሚነዳ ሞተር ሳይክል በዚህ ዱቄት ውስጥ ነው የሚጓዘው።

ክረምቱ ሌላ መልክ አለው። የሱሉልታ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ በሐምሌና በነሐሴ ውኃ የሚተኛበት ረግረጋማ ሜዳ ሲሆን፣ የሰበታም ዝቅተኛ ቦታዎች እንደዚሁ ዋልካ በሚባለው ጥቁር አፈር የተሸፈኑ ናቸው። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለጥፋል፤ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ይጠጥራል። ከጎማና ከፓራፋንጎ መካከል ተጠቅጥቆ ጎማ እስከ ማስቆም የሚደርሰው ይህ ጭቃ በተገለጠ ሰንሰለት ላይ ሲያርፍ በየአንጓው ይገባል፤ ዝናቡም ዘይቱን ያጥበዋል፤ ሞተር ሳይክሉ ቆሞ ባደረበት ሌሊት ሰንሰለቱ ይዝጋል፤ በማግሥቱ ያልታጠበ ጭቃና ዝገት አብረው ፒኑን ይፈጩታል። በአጭሩ የእነዚህ ከተሞች ሰንሰለት ዓመቱን ሙሉ የሚያርፍበት ወቅት የለውም።

ይህ እየታወቀ የተገለጠ ሰንሰለት ለምን ይሠራል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ መልሱም ቀላል የማይባል ነው። የተገለጠ ሰንሰለት ሁልጊዜ ይታያል፤ መላላቱ፣ መዛጉ፣ የስፕሮኬቱ ጥርስ መሹለሉ፣ የማያያዣው ክሊፕ መኖሩና አለመኖሩ በአንድ እይታ ይለያል። ጭቃ ሲይዘው በውኃና በብሩሽ ይጸዳል፤ ጎማ ሲፈነዳ ሽፋን መፍታት ሳያስፈልግ የኋላው ጎማ ቶሎ ይወልቃል። እንደ ያማሃ ዲቲ 125 እና ሆንዳ ኤክስኤል 125 ያሉት ለአስቸጋሪ መንገድ የተሠሩ ሞተር ሳይክሎች ሰንሰለታቸው የተገለጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጭቃው እንደገባ እንዲወጣ፣ ጠጠርም በሽፋንና በሰንሰለት መካከል ተቀርቅሮ ጉዳት እንዳያደርስ ታስቦ ነው። ነገር ግን ይህ አሠራር አንድ ነገርን ታሳቢ ያደርጋል፤ ባለቤቱ ሰንሰለቱን ከእያንዳንዱ ጭቃማ ጉዞ በኋላ እንደሚያጸዳና እንደሚቀባ። ለስፖርት ለሚነዳ ሰው ይህ አይከብድም። ከንጋት እስከ ምሽት ሰው ሲያመላልስ ለሚውል ሞተረኛ ግን በየቀኑ ሰንሰለት አጥቦ መቀባት ከሥራ ሰዓቱ የሚቀነስ ነው፤ ስለዚህ አይደረግም፤ ያልተደረገበት ሰንሰለትም ቶሎ ያልቃል። የተገለጠ ሰንሰለት ድክመቱ ብረቱ ላይ ሳይሆን በሚጠይቀው የሰው ትጋት ላይ ነው።

ሰንሰለትን ሸፍኖ ማሠራት አዲስ ሐሳብ አይደለም። በእንግሊዝ የዉልቨርሃምፕተን ከተማ ብስክሌት ይሠራ የነበረው የጆን ማርስተን የሰንቢም ፋብሪካ ሰንሰለቱን ዘይት ባለበት ዝግ ሽፋን ውስጥ በማስገባት ስም ያተረፈ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ የሠራቸውን ሞተር ሳይክሎችም በዚሁ መንገድ ነበር ያቀረባቸው። በጃፓን ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1958 ለገበያ ያወጣውና እስከ 2017 ድረስ ከመቶ ሚሊዮን በላይ የተመረተው ሱፐር ከብ ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነበር፤ ይህ ሞተር ሳይክል የታሰበው ለሱቅ ሠራተኛና ለመልእክተኛ፣ ማለትም መካኒክ ላልሆነ ሰው ነበርና። ከሁሉ የበለጠ ትኩረት የሚገባው ግን የቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን የቾፓው ከተማ ፋብሪካ ኤምዜድ ያደረገው ነው፤ የኋላውን ስፕሮኬት በዝግ ቤት ውስጥ አስቀምጦ፣ የላይኛውንና የታችኛውን የሰንሰለት መስመር እንደ አኮርዲዮን በሚታጠፉ ሁለት የጎማ ቱቦዎች ውስጥ በማሳለፍ፣ ሰንሰለቱ ከካምቢዮ እስከ ጎማ ድረስ አንድም ቦታ ሳይገለጥ እንዲሠራ አድርጓል። በዚህ ዓይነት የተጠበቀ ሰንሰለት ከተገለጠው ጋር የማይነጻጸር ዕድሜ እንደነበረው የኤምዜድ ባለቤቶች ዛሬም ይመሰክራሉ። ለእርሻ ሥራ ታስቦ የተሠራውና በአፍሪካ ገጠር በስፋት የሚታወቀው ያማሃ ኤጂ 100 ምንም እንኳ የሚውለው በጭቃ ውስጥ ቢሆንም ሰንሰለቱ ሙሉ ሽፋን አለው፤ ይህም ለጭቃ የሚሻለው የተገለጠው ነው የሚለው አስተያየት ለሥራ ሞተር ሳይክል እንደማይሠራ ያሳያል።

ታዲያ በበለጸጉት አገሮች ሽፋኑ ለምን ቀረ? ዋናው ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በፒኑና በቡሹ መካከል ያለውን ግራሶ በትናንሽ የጎማ ቀለበቶች አሽገው የሚይዙ ሰንሰለቶች መምጣታቸው ነው። ኦ ሪንግ የሚባሉት እነዚህ ቀለበቶች ግራሶው እንዳይወጣ፣ አቧራና ውኃም እንዳይገባ ስለሚከላከሉ እያንዳንዱ አንጓ የራሱን ሽፋን ተሸክሞ ይዞራል ማለት ይቻላል። ሆኖም የታሸገ ሰንሰለት ዋጋው ከተራው ይበልጣል፤ በትናንሽ ሞተሮች ላይ ፋብሪካው ገጥሞት የሚመጣበትም ጊዜ ጥቂት ነው። ባጃጅ ቦክሰር ለሚባለው የህንድ ሞተር ሳይክልና ለመሰሎቹ ከመለዋወጫ ሱቅ የሚገዛው ተራው ሰንሰለት ነው፤ ተራ ሰንሰለት ደግሞ ከላሜራ ሽፋኑ በቀር ሌላ ጠባቂ የለውም።

ከህንድ የሚመጡት ባጃጅ ቦክሰርና ቲቪኤስ ኤችኤልኤክስ በብዙዎቹ ሞዴሎቻቸው ላይ ሙሉ ሽፋን ይዘው ነው የሚመጡት። ሽፋኑ የላይኛውና የታችኛው ተብሎ በሁለት የሚከፈል ላሜራ ሲሆን፣ ሁለቱ ገጥመው የኋላውን ጎማ በሚይዘው ክንድ ላይ በቡሎን ይታሰራሉ፤ በታችኛው በኩል የሰንሰለቱን መላላት በጣት ለመፈተሽ የሚያገለግል ቀዳዳና የሚደፍነው ጎማ አለ። ሽፋኑ አየር የማያስገባ ዕቃ አይደለም፤ በፊተኛው ስፕሮኬት በኩልና በኋላ ጎማው ማዕከል ዙሪያ ክፍተት ስላለው ጥቂት አቧራና ውኃ መግባቱ አይቀርም። ነገር ግን ጎማው የሚረጨውን ጭቃ፣ ፊት ያለው መኪና የሚያነሣውን አቧራና የዝናቡን ቀጥተኛ ውርጅብኝ ይመልሳል፤ ከሰንሰለቱ የሚረጨውንም ዘይት ውስጥ ያስቀረዋል። አንድ ጊዜ በሚገባ የተቀባ ሰንሰለት በሽፋን ውስጥ ሲሆን ከተገለጠው ይልቅ ብዙ ቀን ዘይቱን ይዞ ይቆያል።

የሽፋኑ ችግር የሚጀምረው ከሚሰጠው መተማመን ነው። ያልታየ ሰንሰለት ይረሳል። የታችኛው ላሜራ በድንጋይ ተመትቶ ወደ ውስጥ ሲጎብጥ ሰንሰለቱ እየፋቀው ይጮኻል፤ የሚይዘው ቡሎን በንዝረት ተፈትቶ ሲወድቅ ላሜራው ይንቀጫቀጫል፤ የመፈተሻው ጎማ ሲጠፋ ደግሞ ጭቃ የሚገባበት በር ይከፈታል፤ የገባው ጭቃም መውጫ ስለሌለው በውስጥ ደርቆ ሰንሰለቱን ያስራል። ጎሚስታው የኋላ ጎማ ለማውለቅ ሽፋኑን መፍታት ሥራ ስለሚያበዛበት መልሶ ሳይገጥመው ይቀራል፤ ባለቤቱም ጩኸቱ ሲሰለቸው «ይቅር» ይላል። በዚህ መንገድ ሽፋኑ ተነቅሎ በየጋራዡ ማዕዘን ይወድቃል፤ ሞተር ሳይክሉም ለተገለጠ ሰንሰለት ሳይሠራ የተገለጠ ሰንሰለት ይዞ ይሄዳል፤ የተገለጠውን ሰንሰለት ትጋት ግን አያገኝም። ከሁሉም የሚከፋው ይህ ሁኔታ ነው፤ ሽፋኑን የነቀለ ሰው የሚከፍለው ዋጋ በዚያው ቀን ስለማይታይ ከወራት በኋላ ሰንሰለቱና ስፕሮኬቱ ሲያልቁ ጥፋቱን ለመለዋወጫው ጥራት ይሰጣል።

የሽፋኑ ጥቅም በሰንሰለቱ ዕድሜ ብቻ አይወሰንም። ሰንሰለቱ ወደ ስፕሮኬቱ የሚገባበት ቦታ የተጠጋውን ሁሉ ስቦ የሚያስገባ ነው፤ ጣት ይቆርጣል፣ ልብስ ይጠመጥማል። በአገራችን በሞተር ሳይክል ኋላ የሚቀመጥ ሰው ነጠላ ወይም ጋቢ የተከናነበ፣ ረጅም ቀሚስ የለበሰች ወይም ሕፃን ያዘለች እናት ልትሆን ትችላለች፤ የነጠላ ጫፍ ወርዶ በሰንሰለቱ ቢያዝ አደጋው ነጠላው በመቀደዱ የሚቆም ሳይሆን ተሳፋሪውን ከነሹፌሩ የሚጥል ነው። ሴቶች በሳሪ ልብስ ጎን ለጎን ተቀምጠው በሚጓዙባት በህንድ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የተሽከርካሪዎች ደንብ ማናቸውም ሞተር ሳይክል ለኋላ ተሳፋሪ መያዣና መርገጫ እንዲኖረው፣ የተሳፋሪውም ልብስ እንዳይጠመጠም ከኋላ ጎማው ቢያንስ ግማሹ እንዲከለል ያዝዛል። የህንድ ሞተር ሳይክሎች ይዘው የሚመጡት የጎማ ከለላና የሰንሰለት ሽፋን እንዲሁ ለጌጥ የተጨመረ ዕቃ አይደለም። ነጠላ የሚለበስበት አገር ሽፋኑን አውልቆ መጣሉ ሊያሳስብ ይገባል፤ ሕፃናት በቆመ ሞተር ሳይክል ዙሪያ በሚጫወቱበትና ጎማውን በእጅ በሚያሽከረክሩበት ግቢም ይኸው ስጋት አለ።

ስለ እንክብካቤው ሲነገር በመጀመሪያ መስተካከል ያለበት ስለ ዘይቱ ያለው ልማድ ነው። ብዙ ጊዜ ሰንሰለት የሚቀባው ከሞተር ውስጥ በተቀየረ የተቃጠለ ዘይት ነው፤ ነጻ ስለሆነና በየጋራዡ ስለሚገኝ። የተቃጠለ ዘይት ግን ሞተሩ ሲሠራ የተፋቀ የብረት ብናኝና ከነዳጅ ቃጠሎ የተገኘ አሲድ የያዘ ነው፤ ከመድረቅ ይሻል ይሆናል እንጂ ማለስለሻ ነው ሊባል አይችልም። የሞተር ሳይክል አምራቾች መመሪያዎች በብዛት የሚያዝዙት 80 ወይም 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት ሲሆን፣ ይህ ወፈር ያለ ዘይት በየመለዋወጫ ሱቁ የሚገኝና አንድ ሊትሩ ለረጅም ጊዜ የሚበቃ ነው። ግራሶን ከውጭ መለቅለቅም ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ ግራሶ ወፍራም በመሆኑ ወደ ፒኑ ሳይገባ በላይ ይቀራል፣ አቧራም ይሰበስባል። ዘይቱ መድረስ ያለበት በላሜራዎቹ መካከል ወዳለው ጠባብ ክፍተት ስለሆነ፣ ከጉዞ በኋላ ሰንሰለቱ ሞቅ ብሎ ሳለ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማው በእጅ እየተሽከረከረ፣ በታችኛው መስመር ውስጠኛ ጎን ላይ ጠብ ጠብ ተደርጎ ሲንጠባጠብ፣ ሰንሰለቱ በሚዞርበት ጊዜ ዘይቱ ወደ ውጭ እየተገፋ በየአንጓው ያልፋል። ሞተሩ እየሠራ ሰንሰለት መቀባት ወይም በጨርቅ መጥረግ ጣት የሚያስቆርጥ ድርጊት ስለሆነ ከቶ መደረግ የለበትም።

የቆሸሸ ሰንሰለት በነጭ ጋዝና በብሩሽ ይታጠባል፤ ቤንዚን ኦ ሪንጎችን የሚጎዳ፣ በቀላሉም የሚቀጣጠል ስለሆነ አይመከርም። ላቫጆ ቤት ያለው ከፍተኛ ግፊት ያለው ውኃ በቀጥታ ወደ ሰንሰለቱ ሲተኮስ ደግሞ ጭቃውን ከማስወጣት ይልቅ ከዘይቱ ቦታ ውኃና አሸዋ ያስገባል፤ የኋላውን ጎማ ኩሽኔታም ያበላሻል። የታጠበ ሰንሰለት ሳይደርቅና ሳይቀባ ማደር የለበትም።

የሰንሰለቱ ልል መሆንም በመጠን ነው። በትናንሽ ሞተር ሳይክሎች ላይ የታችኛው መስመር መካከሉ ላይ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፋ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር መንቀሳቀስ አለበት፤ ትክክለኛው ቁጥር በየሞተር ሳይክሉ መመሪያ ላይ ተጽፏል። ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት በመላላቱ ሳይሆን በማጥበቁ ነው። ሰውና ጭነት ሲጫን የኋላው ክንድ ወደ ላይ ስለሚነሣ በካምቢዮው መውጫና በጎማው ዘንግ መካከል ያለው ርቀት ይጨምራል፤ ባዶውን ሳለ ክር ሆኖ የተወጠረ ሰንሰለት ሁለት ሰው ሲጫንበት የሚሄድበት ስለሌለው ጉልበቱን በካምቢዮው ኩሽኔታ ላይ ያወርዳል፤ የካምቢዮ ኩሽኔታ ለመቀየር ደግሞ ሞተሩን መፍታት ይጠይቃል። የጎማው ዘንግ በግራና በቀኝ እኩል መሳቡን በክንዱ ላይ ባሉት ምልክቶች ማየት፣ የማያያዣው ክሊፕ ዝግ ጫፉ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞሩን ማረጋገጥም ያስፈልጋል፤ በተቃራኒው የገባ ክሊፕ በመንገድ ላይ ሊወልቅና ሰንሰለቱን ሊበጥስ ይችላል። ሰንሰለት ሲቀየር ሁለቱን ስፕሮኬቶች አብሮ መቀየር ወጪ ያበዛ ይመስላል፤ ነገር ግን በሾለ ጥርስ ላይ የተገጠመ አዲስ ሰንሰለት የአሮጌውን ዕድሜ እንኳ ሳይደርስ ያልቃል። ትንሹ ስፕሮኬት ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሦስት ጊዜ ስለሚዞር ቀድሞ የሚሾለው እርሱ ነው፤ በመጀመሪያ መታየት ያለበትም እርሱ ነው።

ይህ እንክብካቤ ለተሸፈነውም ለተገለጠውም አንድ ነው፤ የሚለያዩት በድግግሞሹ ነው። በክረምት በዋልካ መንገድ የሚሠራ የተገለጠ ሰንሰለት በየዕለቱ መታየትና ከዝናብ ጉዞ በኋላ ሁሉ መቀባት ሲኖርበት፣ ሙሉ ሽፋን ያለው በየሳምንቱ በመፈተሻው ቀዳዳ በኩል ቢታይና ቢቀባ፣ ሽፋኑ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ደግሞ ከክረምት መግቢያ በፊትና ክረምቱ እንደወጣ ቢታጠብ ይበቃዋል። ጥልቅ ውኃ የተሻገረ ወይም ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ የወጣ ሞተር ሳይክል ግን ቀኑን ሳይጠብቅ መከፈት አለበት፤ በሽፋን ውስጥ የቀረ ጭቃ ከውጭ ካለው ይከፋልና።

የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎች እየበዙ ሲሄዱ የሰንሰለት ነገር አብሮ ያልፋል የሚሉ አሉ፤ ሞተሩ በኋላ ጎማው ማዕከል ውስጥ በተሠራባቸው ላይ በእርግጥ ሰንሰለት የለም። ነገር ግን ዛሬ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መንገዶች ላይ ያሉት የቤንዚን ሞተር ሳይክሎች ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ፤ ሰንሰለታቸውም ብዙ ጊዜ ይቀየራል።

እንግዲህ ለእነዚህ ከተሞች፣ ሰውና ዕቃ ለሚያመላልስ ሞተር ሳይክል፣ የሚሻለው የተሸፈነው ሰንሰለት ነው። የተገለጠው ለሚያውቀውና ጊዜ ላለው ባለቤት ይሁን። መለዋወጫ አስመጪዎች ሰንሰለትና ስፕሮኬት እንደሚያስመጡ ሁሉ የሽፋኑን ሁለት ላሜራዎች፣ ቡሎኖቹንና የመፈተሻውን ጎማ ለየብቻ የሚሸጡ ቢያደርጉ፣ የጋራዥና የጎሚስታ ባለሙያዎችም የፈቱትን ሽፋን መልሰው ሳይገጥሙ ሥራው አልቋል ብለው ሞተር ሳይክሉን ባያስረክቡ፣ የብዙ ሰው ገንዘብም አካልም ይድናል። ሞተር ሳይክል ለመግዛት የሚሄድ አንባቢም፣ በተለይ ያገለገለ ከሆነ፣ ከሞተሩ ድምፅና ከቀለሙ በፊት ወደ ግራ ጎኑ ጎንበስ ብሎ ሽፋኑ በቦታው መኖሩን፣ የመፈተሻው ጎማ አለመጥፋቱንና በቀዳዳው ውስጥ የሚታየው ሰንሰለት ዘይት የነካው መሆኑን ይመልከት፤ ሽፋኑ ከሌለም ዋጋው ላይ ከመስማማቱ በፊት የሽፋኑን፣ የሰንሰለቱንና የሁለቱን ስፕሮኬቶች መግዣ አስቦ ይቀንስ።